የወንድሜ ተዝካርና የባሕር ኤሊዋ

ወንድሜ ከጅቡቲ ጠረፍ በጀልባ ከተሳፈረ ሦስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ጀልባዋ ሰጥማለች የሚል ወሬ ማንኩሳ ያለው ቤታችን ድረስ ቢመጣም አባቴ ወይ ፍንክች! «ሬሳ ሳላይ የምን ተዝካር ነው?» ይላሉ። እናቴ ደግሞ «ልጄ ያለ ፍታት ቀረ» እያለች ታልቃለች። እኔ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነኝ። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ አባቴ «ባሕሩን አሳዪኝ» አሉኝ። ፓስፖርት አስወጣሁላቸው። ልንነሳ ስንል እናቴ በጆሮዬ «አደራሽን፣ እሺ አሰኝተሽ አምጪልኝ» አለችኝ።

እሺ ማሰኘት! እንኳን አባቴን፣ ተማሪዎቼንም እሺ ማሰኘት አቅቶኛል።

ጅቡቲ ደርሰን አባቴ ባሕሩ ፊት ቆሙ። በዚያ ቃጠሎ ጋቢያቸውን አልጥልም ብለው ላባቸው ይንቆረቆራል። አንድ ነገር ይሆኑብኛል ብዬ ፈራሁ። ጥላ ስፈልግ እዚያው ዳር ላይ አኳሪየም አየሁ፤ የዚያው ባሕር ዓሦችና እንስሳት በመስታወት ገንዳ የሚታዩበት ቤት ነው። ይዣቸው ገባሁ።

ያደረግሁት የገባኝ ከገባን በኋላ ነው። ወይኔ ጉዴ! ባሕር ልጁን የበላበትን ሰው የባሕር አውሬ ላሳየው? ከእሳቸው እየቀደምሁ ገንዳውን ሁሉ አያለሁ፤ ጥርሱ የሚያስፈራ ካለ በሌላ በኩል እወስዳቸዋለሁ።

«ምን ያቅበጠብጥሻል?» አሉኝ።

«ሞቆኝ ነው አባባ።»

«ጋቢ የለበስሁት እኔ!»

አስጎብኚዋ ድሬዳዋ ያደገች ልጅ ስለሆነች አማርኛ ትችላለች። አንዲት ትልቅ የባሕር ኤሊ ዘንድ ወሰደችን። ፌስታል ውጣ ልትሞት ስትል ዓሣ አጥማጆች ናቸው ያመጧት፤ አሁን ድናለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ባሕር ትመለሳለች። መቅዘፊያ እግሯ ላይ ቁጥር ያለው ብረት አድርገውላታል።

«እንደ ከብት ምልክት» አሉ አባቴ።

«አዎ አባባ፣ ያገኛት ሰው ቁጥሩን አይቶ እንዲነግረን ነው።»

«ሦስት ዓመት ወሬዋ ቢጠፋስ?»

ሦስት ዓመት ሲሉ ልጅቱን በዓይኔ ጠቀስኋት፤ እሷ ምኑን ታውቃለች! «ሞተች ብለን አንጽፍም» አለች ፈገግ ብላ። «ሬሳዋን ካላየን ጠፋች ነው የምንለው። ከብዙ ዓመት በኋላ የተገኙም አሉ።»

አለቀ፣ አልሁ በሆዴ። ከእንግዲህ እኒህን ሰው ማን ይመልሳቸዋል? ለእናቴስ ምን ብዬ ልንገራት? ልጅቱን ባንቃት ደስ ባለኝ።

አባቴ ጎንበስ ብለው ኤሊዋን አዩ፣ አዩ። እሷ ከገንዳው ጥግ እስከ ጥግ ዝም ብላ ትቀዝፋለች።

«ይቺ ዋና ታውቃለች» አሉ ዞር ሳይሉ።

«ምን አሉኝ አባባ?»

«ወንድምሽ አያውቅም። የላህን ወንዝ በክረምት ያሻገርሁት እኔ ነኝ፣ በጫንቃዬ። አንገቴን አንቆ ይዞ ዓይኑን ይጨፍን ነበር።»

እጃቸውን ያዝሁ፤ በዚያ ሙቀት ቀዝቅዟል።

«ለእናትሽ ደውይላት» አሉ። «ጌሾ ትውቀጥ በያት።»