እናቴ የቀመሰችው ኤሲ

እናቴ ኬክ ሠሪ ናት። ያልቀመሰችውን ነገር አታምንም። ልጅ ሳለሁ ስነጫነጭ ከጉንጬ እንባ በጣቷ ወስዳ ትቀምስና «ይሄ የውሸት ነው» ትለኝ ነበር። እኔም የውሸት እንባ ጣዕሙ የተለየ መስሎኝ አደግኩ።

የምትሠራው ከቤታችን ጀርባ ባለች ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ቀትር ላይ ክሬም ሳይቀልጥ የሚቆመው ክፍሉን የምታቀዘቅዘው ባለ ጎማዋ ኤሲ ስላለች ብቻ ነው። አንድ ሐሙስ፣ ለቅዳሜ ሠርግ የታዘዘው ባለ ሦስት ደረጃ ኬክ ገና ክሬም ሳይቀባ፣ ኤሲዋ እያጉረመረመች ማቀዝቀዝ ተወች።

ኤሲ የሚጠግን መካኒክ አስጠራን። የኤሲዋን የፊት መክደኛ ከፍቶ ዘጋና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ኮምፕሬሰሩ፣ ዋናው ሞተሯ፣ አልቆለታል። አይድከሙ፣ አዲስ ይግዙ።»

አዲስ ኤሲ ማለት ሦስት ዓመት ያጠራቀመችለት ሁለተኛው ኦቭን ቀረ ማለት ነው። ቦታው እንኳ ተለክቶ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ተሥሏል። እኔ ግን «እማ፣ በቃ ግዢው፤ ሠርጉ አይጠብቅሽም» አልኳት። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

«መጀመሪያ እኔ ልያት» አለች። ሶኬቱን ነቀለች፤ በካቻቢቴ መካኒኩ ያልነካውን የኋላ መክደኛ ፈታች። የውስጡ ማጣሪያ ነጭ ነገር ጋግሮበታል።

«ከግድግዳው የረገፈ ኖራ ነው» አለ መካኒኩ።

እናቴ በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ ምላሷ ላይ ጣል አደረገችው።

«እማ!»

«ዝም በይ። ስኳር ነው።»

ስምንት ዓመት ሙሉ የተፈጨ ስኳር በወንፊት የምትነፋው እዚያው ኤሲዋ ጀርባ ቆማ ነው። ኤሲዋም ብናኙን ስትስብ ቆይታ ታፍናለች።

«ጥፋቱ የራሴ ነው» አለችና ማጣሪያውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ስኳሩ ሟሟ። አደረቀች፣ ገጠመች፣ ሰካች። መካኒኩ እጁን ዘርግቶ ቀዝቃዛውን ነፋስ ዳሰሰ።

«በምን አወቁ፣ እትዬ?»

«በምላሴ።»

ኩራቱ እኔን ነው ያሳበጠኝ፤ እሷማ ወዲያው ወደ ክሬሟ ተመለሰች። የቅዳሜው ኬክም ሳይዘም ሙሽሮቹ ፊት ደረሰ።

በወሩ ኦቭኑ መጣና በእርሳስ የተሠመረው ቦታ ላይ ልክክ አለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። እናቴ ጠጋ ብላ ጉንጬን በጣቷ ጠረገችና ቀመሰችው።

«ይሄኛውስ የእውነት ነው» አለች።