ከገንቦው ጎን የተሰቀለው ገመድ

የገበያው ሰው ሁሉ አጎቴ የሚላቸው ሽማግሌ፣ አጎቴ ከራር፣ እርጎና ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ የሚሸጡት ከሱዳኗ ሸንዲ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው የመንገድ ዳር ገበያችን ነው። እኔ ከጎናቸው ጎማ እጠግናለሁ። በራፋቸው ላይ አባታቸው ያስቀመጡት የውሃ ገንቦ አለ፤ የጠማው ሁሉ ጠጥቶ ይሄዳል፣ ከፍሎ የሚያውቅ የለም። እሳቸው የሚፈልጉት ጠጪው አግዳሚው ላይ አረፍ ብሎ ወሬ እንዲያወራላቸው ብቻ ነው።

አምና ናፍጣ ሲጠፋ ጄኔሬተራቸው ቆመ፣ ፍሪጁም ሞቀ። ልጃቸው ሱቁን ዘግተው ፖርት ሱዳን እሷ ዘንድ እንዲገቡ ላከችባቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ ከማን ጋር ላወራ ነው?» አሉኝ።

ያን ሰሞን ኢኽላስ የምትባል የነጋዴዎች ማኅበር ሠራተኛ ሱቅ ለሱቅ እየዞረች ሶላር አስገቡ ስትል ከርማለች። ሁሉም «ኢንሻአላህ» እያለ ሸኛት፤ እኛ ገበያ ይህ የጨዋ እምቢታ ነው። አጎቴ ከራር ብቻ እሺ አሉ፣ ፖርት ሱዳን አስፈርቷቸው። ሶላሩ ጣሪያቸው ላይ ወጣ፣ ፍሪጁ ቀዘቀዘ። እሳቸውም ደስ ቢላቸው ከገንቦው ጎን የስልክ መሙያ ገመድ ሰቀሉ።

ያኔ ጉድ ፈላ። የገበያው ስልክ በሙሉ እዚያ ተንጠለጠለ። ፀጉር ቆራጩ ቡሻራ መቁረጫ ማሽኑን ሳይቀር አመጣ። አግዳሚው ከጧት እስከ ማታ ሞልቶ ሽማግሌው ሳቅ በሳቅ ሆኑ። የሶላሩ ባትሪ ግን ገና ሳይመሽ ያልቃል፣ ፍሪጁ ቆሞ እርጎውም ይበላሻል።

ኢኽላስ መጥታ ይህን ስታይ ተናደደች። ስልክ ለሚሞላ ሰው ካላስከፈሉ ሱቁ መዘጋቱ እንደማይቀር ነገረቻቸው።

«ልጄ፣ ዛሬ ስልክ ካስከፈልኩ ነገ የገንቦውን ውሃ ላስከፍል ነው?»

«ውሃና መብራት አንድ ነው እንዴ፣ አጎቴ?»

«በራፌ ላይ ከተሰቀለ አንድ ነው።»

እንግዳን በቃህ ማለት ነውር ነው፤ እንግዳው ራሱ ማወቅ አለበት። የእኛ ገበያ ሰው ደግሞ ካልነገሩት የማያውቅ ነው። አንድ ቀን ቡሻራ እርጎ አዘዘና አንዴ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ። ሳህኑን አየ፣ ቀና ብሎ የተሰካውን ማሽኑን አየ። ሒሳቡን ከፍሎ ማሽኑን ነቅሎ ሄደ። በሳምንቱ የራሱን ሶላር አስተከለ። ነገሩ ሲወራ ሁላችንም አፈርን፤ ሻይ ሻጯም ልብስ ሰፊውም አስተከሉ፣ በመጨረሻም እኔ። ኢኽላስ ስትለፋ ከርማ ያላገኘችውን አንድ ሳህን የተበላሸ እርጎ ሠራላት።

አሁን የገበያው ጣሪያ ሁሉ ያብረቀርቃል። የአጎቴ ከራር እርጎ ጥርስ የሚያደነዝዝ ቀዝቃዛ ነው፤ ሱቃቸው ተርፏል። አግዳሚው ግን ባዶ ነው፣ ሁሉም በየሱቁ ስልኩን ሰክቶ ተቀምጧል። የሚያልፈውን ሹፌር ሁሉ «ስልክህ አልደከመም?» ሲሉ እሰማቸዋለሁ። አንጀቴን ይበሉታል።

ትናንት ሥራ ስፈታ ስልኬን ይዤ ሄድኩ፤ አልቆብኛል አልኳቸው። ተቀብለው ሲሰኩት መስታወቱ በራና መቶ ከመቶ መሙላቱን አሳየ። ቁጥሩን አዩት፣ እኔንም አዩኝ። ከዚያ አግዳሚውን በእጃቸው ጠረጉልኝ።

«ይሄ ቶሎ አይሞላም» አሉ። «ቁጭ በል።»