አርባ የማይሞላው አርባ

መጀመሪያ ያን ቀን የነበርነውን ልዘርዝር። ሞተሩን የምነዳው እኔ፤ ከኋላዬ የተቀመጡት የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፤ ደብረ ታቦር ግቢያችን ውስጥ ሞተሩን አስነሥቶ የሸኘን መካኒክ፤ ይፋግ አጠገብ ከብቱን ሰብስበው የጠበቁን ቄስ። በበረቱ ዙሪያ የቆመውን ገበሬ መልኩን እንጂ ማንነቱን አላውቅም። የሞተሩን የፍጥነት ቆጣሪም ከሰው ብጨምረው አልተሳሳትኩም፤ ያን ቀን ከሁላችን ቃል ይልቅ የተሰማው የእርሱ ነበርና።

ዘመኑ ደርግ ነው። ሥራዬ የከብት ክትባት ማመላለስ ነበር። ክትባቱ ገበሬው «ደስታ» ለሚለው፣ የገባበትን በረት ባዶ አድርጎ ለሚወጣው በሽታ ነው። ይህ መድኃኒት ከሞቀ አበቃለት። በረዶ የምናገኘው በነጭ ጋዝ ከሚሠራ አሮጌ ማቀዝቀዣ ነው፤ የምንይዝበት ሳጥን ደግሞ የክዳኑ ላስቲክ ተበልቷል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ገበሬው በሬውን የሚያመጣልን በማይታረስበት በበዓል ቀን ብቻ ነው። ሚካኤል ሲሆን ከቅዳሴ በኋላ ከብቱ በረት ይሰበሰባል፤ ፀሐይ ስትበረታ ግን ውኃ ለመጠጣት ወደ ርብ ወንዝ ይወርዳል። ያን ሰዓት ያሳለፈ ክትባት የሚቀጥለውን በዓል ይጠብቃል። በሽታው ግን በዓል አይጠብቅም።

ከዚያ ቀን በፊት አንድ ባልደረባችን በሞተሩ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ነበር። የፊቱ ቸርኬም ተጣመመ። ኃላፊው ወዲያው ትእዛዝ አወጡ፤ ከአርባ በላይ የነዳ ቁልፍ ያስረክባል። መካኒኩም ከወዲያ ከወዲህ ለቃቅሞ ሞተሩን ጠገነው።

ከጥገናው በኋላ ስነዳው አንድ ነገር ከነከነኝ። ጠቋሚዋ አርባ ላይ ቆማ ሳለ፣ ፊት ለፊቴ ያለው ዛፍ የሚቀርብ አይመስልም። በመንገዱ ዳር የኪሎሜትር ድንጋዮች አሉ። ከአንዱ ድንጋይ እስከሚቀጥለው ያለውን ጊዜ በሰዓቴ ያዝኩት። በአርባ ከሄድን አንድ ደቂቃ ተኩል ነበር የሚፈጀው፤ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ደጋገምኩት፤ ያው ነው። እኛ የምንሄደው በሠላሳ ነው።

ለመካኒኩ ነገርኩት።

«ጠቋሚዋ ትነሣለች?» አለኝ።

«ትነሣለች።»

«ስትቆም ትወርዳለች?»

«ትወርዳለች።»

«ታዲያ ምን ታድርግልህ፣ ትዝፈንልህ?»

ኋላ ሳቁን ሲጨርስ ነገሩን አወጣው። ቆጣሪውን የሚያዞረው ጥርስ በአደጋው ስለተሰበረ፣ ጓሮ ከወደቀችው ትልቅ ሞተር ፈትቶ ነበር የገጠመው። ጥርሱ ለትልቅ ጎማ የተሠራ ነው፤ የእኛ ጎማ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ቆጣሪውም ያበዛል። ሌላ ጥርስ የለም፤ ከየትም አይመጣም።

ወደ ኃላፊው ገባሁ።

«ጓድ ኃላፊ፣ ቆጣሪው ተሳስቷል። አርባ ሲል የምንሄደው በሠላሳ ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«በኪሎሜትር ድንጋዮቹና በሰዓቴ።»

«ድንጋዮቹን አንተ ነህ የተከልካቸው?»

«አይደለሁም።»

«ሰዓቱንስ ከየት ገዛኸው?»

«ከወረታ ገበያ።»

«አየህ! የመንግሥትን ቆጣሪ በወረታ ገበያ ሰዓት ልትከስሰው!»

የጥርሱን ነገር ባስረዳም አልሰሙኝም። እንዲያውም ጥርጣሬ ገባቸው፤ ለመፍጠን ሰበብ የምፈልግ መሰላቸው። ለሚካኤል ዕለት ወደ ይፋግ ስሄድ ራሳቸው ከኋላ ሊቀመጡ ወሰኑ።

በማለዳ ተነሣን። ሳጥኑ እሳቸው ጉልበት ላይ ነው፤ አገጫቸው እኔ ትከሻ ላይ ነው፤ ዓይናቸው ቆጣሪው ላይ ነው። ጠቋሚዋ ከአርባ ትንሽ ፈቀቅ ስትል ትከሻዬን ይመታሉ።

«አርባ! አርባ አልኩህ!»

«ሠላሳ ነን፣ ጓድ ኃላፊ።»

«የማየውን አትንገረኝ።»

ቁልቁለቱ ላይ እህል የጫነ መኪና አለፈን። ከጆንያው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ዞረው አዩን። አንዱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «እናንተ! በቅሎ እናውሳችሁ?» አለ። ሁሉም ሳቁ። ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ። ጆሮዬ እስኪግል ድረስ ተናድጄ ነበር። በእጄ ትንሽ መጠምዘዝ የሚስተካከል ነገር ሆኖ ሳለ፣ የኃላፊው ትእዛዝ እጄን ይዞት ነበር።

ደጋውን ለቀን ስንወርድ ሙቀቱ መጣ። ወረታ ስንደርስ የኃላፊው ሱሪ ከጉልበታቸው በላይ ርሷል።

«ይህ ሳጥን ያፈሳል» አሉ።

«በረዶው ነው እየቀለጠ ያለው።»

«አንተ ፊትህን ተመልከት።»

ይፋግ ስንደርስ ከብቱ አቧራ እያስነሣ ወደ ወንዙ ሲወርድ አየን። በረቱ ውስጥ የቀሩት የቄሱ ሁለት በሬዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ግንባረ ቦቃ። ቄሱ የዝንብ ጭራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«መጣችሁ? ከቅዳሴ ወጥተን ቁመን ቁመን ከብቱም እኛም ደከምን» አሉ።

«ይቅር ይበሉን አባ፣ መንገዱ ነው» አሉ ኃላፊው።

«መንገዱማ ትናንትም እዚሁ ነበር።»

ሳጥኑን ከፈትኩ። ብልቃጦቹ ለብ ባለ ውኃ ላይ ይንሳፈፋሉ። ቄሱ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «እንግዲያው የእኔን ሁለቱን እንኳ ውጋልኝ፤ ስለ እናንተ ብዬ ሳይጠጡ ነው ያቆየኋቸው። ሌላ በሬ የለኝም» አሉኝ።

«አይሆንም አባ። መድኃኒቱ ሞቋል፤ ብወጋቸው ውኃ እንደ መውጋት ነው።»

ቄሱ በሩን ከፈቱላቸው። በሬዎቹ ጥማቸው ስለበረታ እየተጋፉ ወጡ።

ስንመለስ ኃላፊው ወረታን እንዳለፍን፣ «ሰዓትህን አምጣ» አሉኝ። ፈትቼ ሰጠኋቸው። ጠቋሚዋን አርባ ላይ አድርጌ እጄን ሳላነቃንቅ ነዳሁ። ድንጋይ አለፍን፣ ሌላ ድንጋይ አለፍን፣ ሌላም። ደብረ ታቦር ገብተን ሲወርዱ ሰዓቱን መለሱልኝ።

«ሰዓትህ ይፈጥናል» አሉ።

እንደዚያ ከሆነ ሰዓቴ በየሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ታተርፋለች ማለት ነው። ጠዋት ከጽሕፈት ቤቱ ሰዓት ጋር ገጥማ እንደነበረች ሁሉ፣ አሁንም እንደገጠመች በመስኮቱ አየሁ። ለማን ልናገር? ሞተሩን አስገባሁ።

የሚቀጥለው በዓል ማርያም ነበረች። ጠዋት ሳጥኑን ሳስር ኃላፊው የቁስል ፕላስተር ይዘው ከቢሮ ወጡ። የቆጣሪውን መስተዋት ደራርበው ሸፈኑት። መካኒኩ አፉን በእጁ ይዞ ፊቱን አዞረ።

«ትእዛዙ ትእዛዝ ነው። ከአርባ እንዳታልፍ» አሉኝ።

«በምን አውቃለሁ?»

«ሰዓት የለህም እንዴ?»

ብቻዬን ሄድኩ። በሰዓቴና በድንጋዮቹ እየለካሁ፣ አርባን ሳላልፍ ደረስኩ። በረዶው ገና ጠንካራ ነበር፤ ከብቱም በረት ሞልቶ ጠበቀኝ። እስከ ቀትር ወጋሁ። ቀዩንና ቦቃውን ብፈልግ ግን አጣኋቸው።

«በሬዎችዎስ አባ?»

«እብናት ላለው አማቼ ለእርሻ ሰጠኋቸው» አሉኝ። «በሚካኤል ዕለት ብትደርሱ ኖሮ…» ብለው ጀመሩና ተዉት።

ወደ እብናት ለክትባት የሄደው ሌላ ባልደረባ ነበር፤ ብጠይቀው ስንቱን በሬ አስታውሳለሁ አለኝ። እኔም ብዙ ሳልቆይ ተዛወርኩ። ያን ቀን በበረቱ ዙሪያ የነበራችሁ፣ ወይም እብናት አንድ ቀይና አንድ ቦቃ በሬ ከይፋግ ሲመጡ ያያችሁ፣ እዚያ ተከትበው እንደሆነ ንገሩኝ። በቅሎ ልታውሱን ያላችሁትም ካላችሁ፣ በስንት እየሄድን እንደመሰላችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።