ከጀርባ የምታዳምጠው ነርስ

የሥራ ባልደረቦቿ «ሲስተር ጀርባ» ይሏታል። የበሽተኛ ደረት ስታዳምጥ ሁልጊዜ ከጀርባ ስለምትጀምር ነው። ለምን ሲሏት «ሳንባ ከኋላ ጥሩ ይሰማል» ብላ ታልፋለች፤ ውሸት አይደለም። ዋናው ምክንያት ግን ፊቷ ምስጢር አለመቋጠሩ ነው። ገና ሥራ ስትጀምር የአንዲትን እናት ደረት ከፊት እያዳመጠች የሰማችው ነገር ክፉኛ አስደነገጣት፤ ሴትዮዋም ቀና ብለው አይተዋት «ልሞት ነው እንዴ ልጄ?» አሏት። ከዚያን ቀን ወዲህ መጀመሪያ ከኋላ ታዳምጣለች፤ ፊቷን አደብ ታስይዝና ወደ ፊት ትዞራለች። ይህን የነገረችው ለታላቅ ወንድሟ ብቻ ነበር። አናጢው ወንድሟ ታዲያ እንባው እስኪወርድ ሳቀባት።

አንድ ከሰዓት በኋላ እሱኑ ሚስቱ ደግፋ አመጣችው። የእንጨት ብናኝ አስሙን ቀስቅሶበት ደረቱ ሲር ሲር ይላል፤ ፉጨቱ ከበር ይሰማል። ሐኪሙ አይቶት በጭንብል የሚተነፈስ መድኃኒት አዘዘለት። ሲስተር ጀርባም ኦክስጅን ከፍታ ጭንብሉን አጥልቃለት፣ ትራሱን ከፍ አድርጋለት፣ ሌላ በሽተኛ ስለጠራት ለትንሽ ጊዜ ወደዚያ ሄደች።

ስትመለስ ሚስቱ ፊቷ በርቶ ጠበቀቻት። «ተመስገን፣ ያ ፉጨት ጸጥ አለልን። እንቅልፍ ሊወስደው ነው መሰለኝ።»

ክው አለች። ደረት የሚያፏጨው አየር በጠበበ ቧንቧ ተጋፍቶ ሲያልፍ ነው፤ የሚያልፍ አየር ከሌለ ምኑ ያፏጫል? ወንድሟን አየችው። የአንገቱ ጅማት ተገትሯል። በተነፈሰ ቁጥር በጎድን አጥንቶቹ መሐል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ሰውየው ደክሞታል እንጂ አልተሻለውም።

«ወንድም ጋሼ፣ እስቲ ጎንበስ በል፤ ከጀርባህ ላዳምጥ።»

ዓይኑን ገልጦ አያት። «ፊትሽን…» ትንፋሽ አጠረው። «ልትደብቂኝ ነው?»

ከኋላው ዞራ ማዳመጫዋን ከትከሻው በታች አሳረፈች። ምንም የለም። ዝቅ አደረገችው፤ ምንም። ወደ ሌላው ጎን ወሰደችው፤ ጆሮዋ ውስጥ የሚደልቀው የገዛ ልቧ ብቻ ነው። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ እጇን ይዞ ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ ጫማዋን ራሱ እየጠገነ ያሳደጋት እሱ ነው። አሁን ከእጇ ሊያመልጣት ነው።

«ሩጪ፣ ሐኪሙን ጥሪው» አለቻት ሚስቱን። «ደረቱ ድምፅ የለውም በይው።»

«እንዴ፣ ተሻለው አላልኩሽም?»

«አልተሻለውም። ሩጪ።»

የኦክስጅኑን መጠን ጨመረች፤ ጭንብሉ ላይ መድኃኒት ደገመች። ሐኪሙ እየሮጠ ደርሶ በደም ሥሩ ሌላ መድኃኒት ሰጠው። ወንድሟ በራሱ መቀመጥ ስላቃተው አልጋው ላይ ወጥታ ከኋላ ደግፋ ያዘችው። እዚያ ሆና አለቀሰች፤ እሱ አያያትም። ማዳመጫውን ግን ከጀርባው አላነሳችም።

ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ከሩቅ አንዲት ቀጭን ሲር የምትል ድምፅ ሰማች። ተሳሳትኩ ብላ ትንፋሿን ያዘች። ደገመችላት። ቀስ በቀስ በሁለቱም ጎን ያፏጭ ጀመር፤ ኋላም ያለ ማዳመጫ ተሰማ።

ሚስቱ ራሷን ያዘች። «ወይኔ፣ ደግሞ ጀመረው።»

«ይጀምረው» አለች ሲስተር ጀርባ። «እንዳሻው ያፏጭ።»

ወንድሟ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ጋዋኗን ጎተተ። «ነይ ወደዚህ» አለ በተቆራረጠ ድምፅ። «ከፊት።»

ከአልጋው ወርዳ ከነእንባዋ ፊት ለፊቱ ቆመች። ትክ ብሎ አያት።

«ይሄን ያህል ነበር እንዴ?»

«ይሄን ያህል ነበር» አለችና ፊቷን ሳትጠርግ ማዳመጫዋን ደረቱ ላይ አሳረፈች።