የምስክሩ ድምፅ

ኅዳር 15 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሐይቅ ከተማ በሙሐዲን ቪዲዮ ቤት የተከፈተው ፊልም ዳኛው ፍርዱን ሊያነብ ሲል ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጨረሰውም።

ሙሐዲን ፊልም የሚያሳየው እየተረጎመ ነበር። ማይኩን ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ይቆምና የሁሉንም ድምፅ እሱ ያወጣል። ያልገባውን ከራሱ ይሞላዋል። ሰው ከድብድቡ ይልቅ የሚወድለት ችሎቱን ነው። ለዳኛው ድምፁን ያጎረንናል፣ ለጠበቃው ያጣድፋል። ለምስክሩ ግን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጣቱን ይቀስርና «እሱ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል። ያኔ ቤቱ በጭብጨባ ይናወጣል። ሚስቱ ኑርሀያት በር ላይ ሰው ስታስገባ ይህን ድምፅ በሰማች ቁጥር ትስቅ ነበር።

በዚያ ቅዳሜ ባዬ የሚባል ጎረምሳ ከፊቱ የተቀመጠውን ሽታውን «ጭንቅላትህን ዝቅ አድርግ እንጂ፣ ዳኛው አልታይ አለኝ» አለው።

«ምን ያደርግልሃል? አንተን እንደሁ የትም ብትሄድ የሚፈታህ ዳኛ የለ» አለ ሽታው ሳይዞር። አጠገባቸው ያሉት ሳቁ።

ባዬ ዱላውን በሁለት እጁ አንስቶ ማጅራቱን መታው። ሽታው በግንባሩ ሲደፋ ራስ ቅሉ ላይ ደገመው። አጥንቱ ሲሰበር ኑርሀያት ከደጅ ሰማችው። ሌላው ሰው ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር፤ እስኪዞር ዱላው ተጥሏል፣ ሁሉም ወደ በሩ ይራገጣል። ፊት ለፊት ያየው ማይኩን ይዞ የቆመው ሙሐዲን ነው። ሽታው አግዳሚው ሥር እንደተጋደመ ሞተ። ደሙ እስከ ቴሌቪዥኑ ሥር ፈሶ ነበር።

በሳልስቱ የሽታው አጎቶች የባዬን አባት ቤት አቃጠሉ፣ በሬዎቹን በረት ውስጥ በጥይት ፈጇቸው። ወንዱ የሚባለው የባዬ ወንድም ደግሞ ከአጎቶቹ አንዱን አርዲቦ መንገድ ላይ ጠብቆ ጉልበቱን በመጥረቢያ ቆረጠው። አበጋሩ ሼህ ኑርዬ መሀል የገቡት ይኼኔ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ደም የሚታረቀው በሳቸው ነበር። ሁለቱን ቤት አስማሉ፣ ካሳው ተቆረጠ፣ ዱዓ ተደረገ። በአገሩ ልማድ ደም ከደረቀ በኋላ ችሎት የሚጠራ ምስክር አላየሁም ይላል፤ እንደ ውሸትም አይቆጠርበትም።

«ልጄ ሙሐዲን፣ አንተም አላየህም» አሉት ሼህ ኑርዬ።

«እሺ አባባ። አላየሁም» አለና እሱም ማለ።

ሰኔ ላይ ደሴ ችሎት ተጠራ። ኑርሀያት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ «ሽታውን ማን መታው?» አለ። ሙሐዲን ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማችው። ምን ሊል እንደሆነ ከመናገሩ በፊት አወቀች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

«እሱ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ያጨበጨበ የለም። ዳኛው ከሚጽፉበት ቀና ሳይሉ «ጣትህን አውርድና በምን እንደመታው ተናገር» አሉት።

ወደ ሐይቅ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ «ምነው ሙሐዲን? ምነው ለእኔ እንኳ ብትል?» አለችው።

«ላልል ነበር፣ ወላሂ። አላየሁም የሚል ምስክር ግን አንድ ቀን ተርጉሜ አላውቅም። ድምፁ እምቢ አለኝ።»

ባዬ ተፈረደበት። ሼህ ኑርዬ ሙሐዲንን ሰላምታ ነፈጉት። የቪዲዮ ቤቱ መስኮት በድንጋይ ረገፈ። ክረምቱን ሙሉ ኑርሀያት ከቤት አላስወጣችውም፤ ውሃም ገበያም የምትሄደው እሷ ነበረች።

መስከረም 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ መስኮቱን ሲጠግን፣ ወንዱ በመጥረቢያ መጣበት። መጀመሪያ ቀኝ እጁን መታው፤ ጣቶቹ ከመዶሻው ጋር ወደቁ። ቀጥሎ አንገቱን፣ ከወደቀም በኋላ ፊቱን። መንገዱ በባጃጅና በሰው ሞልቶ ነበር። መርማሪው አንድ በአንድ ሲጠይቅ ሁሉም አላየሁም አለ።

በዚያው ቀን ጠዋት ኑርሀያት ሽንኩርት ልትገዛ ነጠላዋን ስታነሳ፣ ሙሐዲን ዘንቢሉን ከእጇ ወሰደ።

«ዛሬስ እኔ እሄዳለሁ። አስፈርዶ ጓዳ የተደበቀ ምስክር የት አገር አለ?»

«ያ ፊልም ነው፣ አንተ ሰውዬ።»

ሄደ። እሷ እስኪመለስ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀች። በገበያው መሀል፣ በነወንዱ ደጅ በኩል አልፎ ደህና መጣ።

«የበቀለ የበቀለውን ነው እንዴ የለቀምከው? ዓይን የለህም?» አለችው።

«ዓይንማ አለኝ። ያስፈጀኝስ እሱ አይደል?»

ሽንኩርቱን ሰፌዱ ላይ ገለበጠና ባዶውን ዘንቢል መልሶ ሰጣት።