የፊት ዴስኳ ልጅ

እኛ መምህራን ግምገማ ላይ ግለ ሂስ ስናደርግ ጉድ ነን። እያንዳንዳችን ማንንም የማትጎዳ አንዲት ጥፋት አለችን። «ሰዓት ላይ ትንሽ ችግር አለብኝ፣ አሻሽላለሁ» እንላለን፣ ይጨበጨብልናል፣ እንቀመጣለን። የኔዋ «የትምህርት ዕቅድ አዘገያለሁ» ናት። በየዓመቱ አሻሽላታለሁ፤ እሷ ግን ወይ ፍንክች!

ቡራዩ አብራኝ የምታስተምር የሒሳብ መምህርት ጓደኛ አለችኝ። ክረምት ላይ አንዲት ልጇን በሕመም አጥታ ቀበረች። ልጅቷ አምስተኛ ክፍልን ጨርሳ ስድስተኛን ሳታይ ነው የሄደችው። መስከረም ሲጠባ እናትየው ሥራ ገባች። እኛም «ጀባዹ፣ አይዞሽ፣ ጠንክሪ» እያልን በኦሮምኛም በአማርኛም አጽናናናት፤ ከዚያ በቃ፣ ዳነች ብለን ረሳነው። ምን ዓይነት ሰዎች ነን!

የግምገማው ዕለት ከገፈርሳ በሚመጣው ታክሲ ውስጥ፣ «እንደ ሁልጊዜው ሰዓት አላከብርም በይና ቁጭ በይ» አልኳት። «እሺ» አለችኝ።

ተራዋ ሲደርስ ተነሳች።

«ስድስተኛ ቢ የፊት ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ልጅ አለች። የልጄ እኩያ ናት። እጇን ስታወጣ እያየሁ እንዳላየ አልፋታለሁ። እሷ በሕይወት ስላለች ጠላኋት። ልጅቷ ምንም አላደረገችኝም፤ ክፋቱ የኔ ነው።»

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ቲቸር፣ እግዜር ያጽናሽ። ግን ይሄ የግል ጉዳይ ነው፤ ከሥራ ጋር የተያያዘ ብትነግሪን?» አላት።

ከሥራ ጋር! ከዚህ በላይ ምን ሥራ አለን? ይህን ያልኩት ግን በሆዴ ነው። እሷም «እንግዲያው ሰዓት አላከብርም» ብላ ተቀመጠች። ያኔ አጨበጨቡላት።

በማግስቱ ጠዋት «ዛሬ ያቺን ልጅ ነው የምጠይቃት» ብላኝ ወደ ክፍሏ ሄደች። ፊቷ ፈካ ብሎ ስላየሁት ደስ አለኝ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ጠመኔዋን እንደያዘች መጥታ አጠገቤ ዘፍ አለች።

«ጠየቅሻት?»

«እጇን ታወጣለች ብዬ ጠበቅኳት፤ አላወጣችም። በስሟ ጠራኋት። መልሱን ታውቀዋለች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ቀና ብላ አየችኝና ‹አላውቅም ቲቸር› አለችኝ።» እንባዋ ወረደ። «እኔ ነኝ እኮ እጇን ማውጣት ያስተውኳት።»