ያልፈሰሰው ወተት

የወተት ፋብሪካው ሠራተኞች «እትዬ አይለፍ» ይሏት ነበር። ማይክሮባዮሎጂ ተምራ ላቦራቶሪ ከገባችበት ቀን ጀምሮ፣ ምርመራውን ያላለፈ ወተት ሲገጥማት የምትጽፈው ይህችኑ ቃል ነው። ቅጽል ስሙን አልጠላችውም፤ እንዲያውም ትኮራበት ነበር።

በአንድ የሙቀት ወር ወተቱ የሚፈላበት ማሽን ተበላሽቶ በጥድፊያ ተጠገነ። በማግስቱ የወጣውን ወተት ናሙና ስትመረምር መኖር የሌለበት ባክቴሪያ አገኘች። አንድ ጠረጴዛ የሚጋራት ኬሚስትም ምርመራውን ደግሞ ሠርቶት ያንኑ አገኘ። ወተቱ እንዲፈስ ሁለቱም ፈረሙ። ሥራ አስኪያጁ ፊርማቸውን አየና፣ ሱቆች እየጠበቁ ነው ብሎ ወተቱን አስጫነው። ኬሚስቱ ግቢው መሀል ሄዶ ከመኪናው ፊት ተገተረ። ጥበቃዎች ጎትተው አነሱት፤ በሳምንቱ ከሥራ ተባረረ። እሷ ሁሉንም በመስኮት አየች። ልጆች አሏት፣ ባሏም ያኔ ሥራ ፈት ነበር። የሆዷን በሆዷ ይዛ ወደ ማይክሮስኮፗ ተመለሰች።

ነገሩ ግን ያብከነክናት ጀመር። የሚያውቀው ሌላ፣ የሚወስነው ሌላ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ወተት የሚያውቀው ነጭ መሆኑን ብቻ ነው። እንግዲያው ወሳኞቹ ከሚወጡበት ቤት እኔም ልግባ ብላ በከተማው ስመ ጥር ለሆነው የቢዝነስ ትምህርት ቤት አመለከተች።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት መምህራን ተቀምጠው ነበር። ሳይንሱን ለምን ትተዪዋለሽ አሏት። አልተውኩትም፣ ከላቦራቶሪው በር አልወጣ ስላለ ነው ብላ የወተቱን ታሪክ እንዳለ ነገረቻቸው። ከመካከላቸው አንዲት ድምፀ ለስላሳ ሴት ጠየቀቻት።

«የታመመ ሰው ነበር?»

«እኛ ዘንድ የመጣ የለም። ልጇ የታመመባት እናት ሐኪም ቤት ነው እንጂ ፋብሪካ አትሄድም።»

«ታዲያ አንቺ መርተሽ ከዳር ያደረስሽው ነገር የቱ ነው?»

ወተቱ እንዲፈስ መፈረሟን ደግማ ነገረቻቸው። እነሱም አልተቀበሏትም።

ታናሽ ወንድሟ ከዚያው ትምህርት ቤት ተመርቆ ባንክ ይሠራል። የሆነውን ስትነግረው ሳቀባት። እህቴ፣ ሰዎቹ ድል ሊሰሙ ተቀምጠው አንቺ ሙሾ አወረድሽባቸው አላት።

«ወተቱን አስቁሚው» አለ።

«አልቆመም እኮ።»

«እነሱ የት አይተው? አስቁሚው።»

በዓመቱ ተመልሳ ሄደችና አስቆመችው። ሥራ አስኪያጁን እንዴት በማስረጃ እንዳሳመነች፣ የሽያጭ ክፍሉን እንዴት እንዳግባባች፣ ወተቱ ሲፈስ ሠራተኛው ቆሞ እንዳየና ደንበኛው ፋብሪካውን ይበልጥ እንዳመነው ተረከችላቸው። ቃሉ እንዲያ ሲቀናት ራሷም ገረማት። ድምፀ ለስላሳዋ ሴት የአምናውን ሳታነሳ በአዎንታ ራሷን እየነቀነቀች ሰማቻት። ስትተርክላቸው ስለ ኬሚስቱ አንድም ቃል አላነሳችም።

ተቀበሏትና ማታ ማታ ተምራ ተመረቀች። ቁጥር ለእሷ ብርቅ አልነበረም፤ ያስቸገራት ቁጥሩን ይዞ ሰው ፊት ፈገግ ማለቱ ነበር፣ እሱንም ለመደችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ትምህርት ቤቱ ታሪኳን ከነፎቶዋ በመጽሔቱ ማውጣቱን የሰማችው ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። ሥራ አስኪያጁ ገጹን መስታወት ውስጥ አስገብቶ የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ምን ከፋው? እዚያ ላይ እሱ የባለሙያ ምክር የሚሰማ አስተዋይ ሰው ነው። ብዙም ሳይቆይ ምክትሉ አድርጎ ሾማት።

በተሾመች ሰሞን መጀመሪያ ያሰበችው ኬሚስቱን ወደ ሥራው መመለስ ነበር። አፈላልጋ የቀለም መሸጫ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ቀለም ሲበጠብጥ አገኘችው። ሸምግሏል። ወንበር ሰጥቷት ወደ ሥራህ ተመለስ ስትለው አዳመጣትና፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተናገረ።

«ሥራ ፍለጋ ያልረገጥኩት ፋብሪካ የለም። ለምን እንደተባረርኩ ስነግራቸው ያንቺን ታሪክ አንብበውታል። ወተቱ ከፈሰሰ አንተ የትኛው መኪና ፊት ነው የቆምከው ይሉኛል።»

አስተካክለዋለሁ፣ ለትምህርት ቤቱ እጽፍላቸዋለሁ አለችው።

«ምን ብለሽ?»

ዋሽቼ ነው ብላ ብትጽፍ ዲግሪውም ሹመቱም እንደማይተርፏት ሁለቱም ያውቃሉ። እሱም ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው አላትና ወደ ቀለሙ ተመለሰ።

ማታ ባሏ፣ ሰውዬው እሺ አለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ሌላ ሥራ ይዟል» አለች። «ተደላድሏል።»

ባሏም ተመስገን አለ። በማግስቱ የኬሚስት ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ላይ ፈርማ አስለጠፈች፤ ለትምህርት ቤቱ ግን ምንም አልጻፈች።